የቤዛ ስም የጠፋበት ዝርዝር

ተማሪ ሳለሁ፣ ጀርመን ሄደው እንዲማሩ የተመረጡ ልጆች ዝርዝር ተለጠፈ። ስሜ ዘሪሁን ነውና ዜድ ላይ ፈልጌ አጣሁት። የኮሌጃችን ዲን ሰርዞኛል ብዬ ቂም ያዝኩ። ሁለቴ ቢያስጠራኝም ቢሮው አልሄድኩም።

ዲቪ ደርሶን ዳላስ ከገባን ሦስት ዓመታችን ነው። ኮሌጅ የገባችው ልጄ ቤዛ እኔ የቀረብኝ እንዳይቀርባት፣ «ጋና ሄደሽ አንድ ሴሚስተር ተማሪ፣ አፕላይ አድርጊ» እያልኩ ስጨቀጭቃት ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት ዳላስ አጠገብ ፋርመርስ ብራንች ከምሠራበት የዕቃ ዌርሃውስ ልትወስደኝ መጥታ ስልኳን ሰጠችኝ።

«አባዬ፣ የጋናው ዝርዝር ወጥቷል። ፈራሁ፣ አንተ እይልኝ።»

ቢ ላይ ፈለግኩ። የለችም። ደሜ ፈላ።

«እዚህም ያ ዲን አለ ማለት ነው! ነገ ቢሯቸው ድረስ ሄጄ ነው የማናግራቸው!»

ቤዛ እንባዋ መጣ። ስልኩን ተቀብላ እስከ መጨረሻው ወረደችና በእንባዋ መሀል ሳቀች።

«ኦ ማይ ጋድ አባዬ! እዚህ እኮ የሚጻፈው በአባት ስም ነው። ያው፣ ዘሪሁን ኮማ ቤዛ!»

እፎይ ብዬ አቀፍኳት። ታሪኬን ሺህ ጊዜ ሰምታለችና፣ «ያንተንስ ዝርዝር ማን ነበር የጻፈው?» አለችኝ።

«ከጀርመን ተጽፎ የመጣ ነው» አልኳት።

አባቴ አበበ ይባላል። የመጀመሪያውን ገጽ አላየሁትም ነበር።