የታሰረችው ዶሮ እንቁላሎች

ሁለት ሺህ አስራ ስድስት ዓመተ ምህረት ነው። ያኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነበር። መታወቂያው ሰባ ይላል፤ የጻፈው ልጅ እኔ ስወለድ አባቱም አልተወለደም፣ ምን ያውቃል።

ሚስቴ ከሞተች አምስት ወር ሆኗት ነበር። ቤታችን ከከሚሴ ወጣ ብሎ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ለቅሶ የመጣው ሰው ሄደ፣ ዱዓው አለቀ፣ ድንኳኑ ተነሳ። የቀረነው እኔና አንዲት ገብስማ ዶሮ ነን። ሚስቴ ያረባቻቸው አስራ አንድ ነበሩ። ግማሾቹን ፈንግል ፈጃቸው፣ ሌሎቹን ሸለምጥማጥ በላቸው። አውራ ዶሮውን የጨረስኩት ግን እኔ ነኝ። ሚስቴ ታማ ተኝታ ሳለች መረቅ ይሻላታል ብዬ ያዝኩት።

«አውራውን ተወው፣ ዘሩ ይጠፋል» አለችኝ።

አልሰማኋትም። እውነቱን ከተናገርኩ ሰምቻት አላውቅም። ከመረቁ ሁለት ጊዜ ፉት አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ገብስማዋ አንድ ለእናቷ ስትቀር ፈራሁላት። እግሯን በገመድ አሰርኩና ከደጄ አላርቃት አልኩ። የጎረቤት አውራ በአጥር ዘሎ ሲመጣ በድንጋይ አባርራለሁ፤ ጥሬዋን ይበላባታል። እንቁላሏን አልነካም፣ አጠራቅማለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ከተኛችበት አልነሳም አለች። ላባዋን ነፋች፣ እጄን ስዘረጋ ተቆጣችኝ። ልታቅፍ ነው።

ደስ አለኝ። በተሰበረ ጋን ስባሪ ላይ የጤፍ ጭድ ጎዘጎዝኩ። ነጎድጓድ እንቁላሉን እንዳይገድለው የማረሻ ቁራጭ ከጭዱ ስር ከተትኩ፤ ይህን ሚስቴ ስታደርግ አይቻለሁ። ዘጠኝ እንቁላል መርጬ አስታቀፍኳት።

ልጄ ደሴ ነው የምትኖረው፣ በየጁምዓው ትደውላለች። ነገሯ አንድ ነው፦ ቤቱን ዝጋና እኔ ዘንድ ና።

«አልችልም፤ ዶሮ አስታቅፌያለሁ» አልኳት በዚያ ጁምዓ።

«ለአንዲት ዶሮ ብለህ ነው አባ?»

«ዘጠኝ ጫጩት ሊመጣ ነው። ማን ያሳድጋቸዋል?»

«ባይፈለፈሉስ?»

«ባይፈለፈሉ እመጣለሁ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ለመሄድ አስቤ እንዳይመስላችሁ። ይፈለፈላል ብዬ ነው። ደሴን አውቃታለሁ፤ ልጄ ጥሩ ናት፣ ባሏም ጥሩ ነው፣ በቤታቸው እንግዳ ሆኜ ሁለት ሌሊት አድሬ ሦስተኛው ጨንቆኛል። እዚህም ይጨንቀኛል፣ አልዋሽም። ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት አልለመድኩም፤ ሁሌ ይተርፈኛል። ግን የሚጨንቀኝ በቤቴ ነው።

ቀኑን በከሰል ግድግዳው ላይ ጫርኩ። ምሳዬን ዶሮዋ ባለችበት ጓዳ መብላት ጀመርኩ። እሷ በቀን አንዴ ትነሳለች፣ ትለቅማለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ፈጥና ትመለሳለች። «ቀስ በይ፣ ማን ይወስድብሻል» እላታለሁ። በዚያ ቤት ውስጥ ከአምስት ወር ወዲህ የተሰማ ወሬ ይኸው ነው።

በአስራ ሁለተኛው ቀን ጎረቤቴ መጣች። ባሏ ከኔ ጋር አብሮ ያረሰ ነው፣ አሁን ብቻዋን ናት፣ ምላሷ ግን የሦስት ሰው ነው።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ አያ! ዶሮህን ልይ።» አየቻትና «የማን አውራ ደረሰባት?» አለች።

«የማንም! እኔ እያለሁ ማን ይጠጋታል?»

አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፣ ቆማ አልበቃት ብሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲያ ድንጋይ ነው ያስታቀፍካት! ላምህን እንዲህ አስረህ ታስወልዳለህ?»

ላምማ አውቃለሁ፣ ዕድሜዬን ከከብት ጋር ነው የኖርኩት። ዶሮ ግን ብቻዋንም ትጥላለች። ከጣለች ጫጩቱ ውስጡ ያለ መስሎኝ ነበር። የዶሮ ነገር የሴት ነው ብዬ ሃምሳ ዓመት ጠይቄ አላውቅም።

«አላህ ካለ ይሆናል» አልኳት።

«አላህማ ያለው በአውራ ነው! አብሽር፣ ከኔ ቤት ደህና እንቁላል ላምጣልህ፣ ዛሬውኑ ቀይራቸው።»

«አልፈልግም።»

«ወይ አንተ! እሷ እንዴት ቻለችህ?» አለችና ሄደች። ሚስቴን ማለቷ ነው።

ሃያ አንዱ ቀን ሞላ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ ምንም የለም። ወደ ማምሻው፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ አንዱን ከስሯ አውጥቼ ደጅ ሰበርኩት። ውሃ ነው፣ ይሸታል። በአፈር ሸፈንኩት። ሌላውን መስበር አላስፈለገኝም፣ ግን ከስሯም አላነሳሁት።

ጀንበር ሳትጠልቅ ልጄ ደወለች። ቀኑን እሷም ቆጥራለች።

«አባ፣ እንዴት ሆኑ?»

«ተፈለፈሉ» አልኳት። እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

«አልሀምዱሊላህ! ሁሉም?»

«ስምንት። አንዱ ተበላሸ።»

«ስልኩን አስጠጋላቸው፣ ድምፃቸውን ልስማ።»

ስልኩን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ምን ይደረጋል? ለዶሮዋ አስጠጋሁላት። ቁር፣ ቁር አለች።

«እናትየዋ ብቻ ናት የምትሰማኝ» አለች ልጄ።

«ተኝተዋል» አልኳት።

«እሺ አባ። እንግዲያ አትመጣም» አለች ቀስ ብላ፣ ደህና ሁን ብላ ዘጋች። መጨረሻው ላይ ድምፅዋ የእናቷን መሰለኝ። መግሪብን ሰገድኩ፣ ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ ጠፋብኝ፣ ደገምኩት። ለሰው ክፉ ተናግሬ አውቃለሁ፣ ሰድቤ አውቃለሁ። ለልጄ ግን ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ደግሞም ሽሽቴ ከደሴ ነው እንጂ ዶሮዋ ምን አደረገች።

በማግስቱ ሱብሂን ሰግጄ፣ ሳይነጋ ደወልኩላት። ደንግጣ አነሳች።

«አባ! ምን ሆንክ?»

«ደህና ነኝ። ትናንት ዋሽቼሻለሁ። ጫጩት የለም፣ አንድም የለም። ቃሌንም አጥፌያለሁ፣ አልመጣም። መምጣት አልፈልግም፣ ሌላ ሰበብ የለኝም።»

«ብቻህን ምን ታደርጋለህ?»

«እንጃ» አልኳት።

ትስቅ ታልቅስ አልለየሁም። ስልኩን ዘግቼ ጓዳ ገባሁና ዶሮዋን ከእንቁላሎቹ ላይ አነሳኋት። ቀልላለች፣ ላባ ብቻ ሆናለች። እጄን በምንቃሯ ወጋችው። ታቅፌያት ደጅ ወጣሁ፣ የእግሯን ገመድ ፈታሁና ለቀቅኳት፤ የጎረቤት አውራ ከመጣም ይምጣ።