የአበባ ቦየስ

ከድሬዳዋ የተነሣነው አመሻሽ ላይ ነው። የጅቡቲ አውቶቡስ ሙቀቱን ሸሽቶ ማታ ነው የሚጓዘው። እኔ በመስኮቱ በኩል፣ አስካለ ከጎኔ፣ እግራችን ሥር የሽሮና የበርበሬ ፌስታል። አስካለ የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ ልጅ ናት። ዝዋይ አበባ እርሻ ውስጥ አራት ዓመት ጎን ለጎን ቆመን ጽጌረዳ በዘንጉ ርዝመት ስንለይ፣ እሾህና ቅጠል ስናራግፍ ኖረናል። እንሂድ ብዬ የነዘነዝኳት እኔ ነኝ፤ እሷ እናቷን ትታ መሄድ አልፈለገችም ነበር። ድንበር ላይ ወርደን ፓስፖርታችንን ይዘን ስንሰለፍ እጄን ጨበጥ አድርጋ፣ «ከፈራሽ እንመለስ» አለችኝ።

«ማን ፈራ?» አልኳት። እጇን ግን አልለቀቅኩም፤ እሷም አውቃለች።

ሰው ስለ ጅቡቲ ሙቀት ሲያወራ የዝዋይ የሚያዝያ ፀሐይ ይመስለኝ ነበር። የት ተገናኝተው! አገር ቤት ዝናብ ሲዘንብ እዚህ ካምሲን የሚሉት ነፋስ ይነሣና አንድ ሰው የእቶን አፍ ከፍቶ ፊታችሁ ላይ እፍ የሚልባችሁ ነው የሚመስለው። ዓሣው አይታማም፤ የየመን ሰዎች ለሁለት ሰንጥቀው ይጠብሱትና በሰፊ ቂጣ ያቀርቡታል። ቢሆንም ዝዋይ ዳር ቆመን የምንበላውን የሐይቁን ቆሮሶ ዓሣ አያስረሳም።

ሁለታችንም ሰው ቤት ገባን። እዚህ የቤት ሠራተኛ «ቦየስ» ትባላለች። አስካለ የደረሳት አንዲት ዐረብ አሮጊት ቤት ነበር፤ የራሷ ክፍል ከነቬንትላተሩ፣ ክፉ ቃል የማይሰማበት ቤት። እኔ ማዳም ክሎዲን የምትባል ፈረንጅ ቤት ገባሁ፤ የምተኛው ሰገነቱ ላይ፣ ቆርቆሮ ሥር ነው። አርብ አርብ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ከሌሎች የአገር ልጆች ጋር በተከራየናት አንዲት ክፍል እንገናኝና አስካለ ራሴን እያሻሸች ታስተኛኛለች።

አንድ ቀን ማዳም ክሎዲን ለእንግዶች ብላ ያስመጣችው አበባ ጠውልጎ ደረሰ። ልትጥለው ስትል ለመንኳት። ዘንጉን ውሃ ውስጥ አድርጌ አግድም ቆረጥኩት፤ በጋዜጣ ጠቅልዬ መታጠቢያ ቤት ጨለማ ውስጥ አቆምኩት። ማታ ቀና ቀና አለ። ሰው ፊት ለፊት እንዲተያይ ዝቅ አድርጌ ገበታው መሐል ደረደርኩት። ከእንግዶቹ አንዷ ማዳም ሐስና፣ የአበባ ሱቅ ያላት የጅቡቲ ሴት፣ ወጥ ቤት ድረስ መጥታ እጄን አገላብጣ አየችና፣ «ከነገ ጀምሮ ሱቄ ነይ» አለችኝ።

ማዳም ክሎዲን ግን፣ «ምትክ ሳታመጪ ፓስፖርትሽን አታገኚም» አለች።

ከአስካለ ሌላ ማንን አውቃለሁ?

«አሮጊቷን ትቼ?» አለችኝ አስካለ።

«ለጊዜው ነው። ትንሽ ስደላደል አንቺንም ሱቁ አስገባሻለሁ። እናቴ ትሙት!»

«አንቺ ወጣሽ ማለት እኔም ወጣሁ ማለት አይደል?» አለች። በሳምንቱ ልብሷን በፌስታል ይዛ እኔ በተኛሁበት ቆርቆሮ ሥር ገባች።

የመኖሪያ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ አጅባኝ መጣች። ጫቱን በጉንጩ የያዘ ጸሐፊ ነበር የተቀበለን።

«ፕሮፌሽን?»

«ፍለሪስት» አልኩት፤ የአበባ ባለሙያ ማለት ነው።

ቀና ብሎ አየኝ። «ጅቡቲ ውስጥ አበባ የት በቅሎ አየሽ?»

«ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል።»

«ታዲያ ሥራውን የሠራው አውሮፕላኑ ነው። አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ቅጠሉን አጸዳለሁ፣ ውሃ እቀይራለሁ፣ ጠረጴዛ ላይ አስተካክላለሁ...»

«ታጸጃለሽ፣ ውሃ ትቀይሪያለሽ፣ ጠረጴዛ ታስተካክያለሽ። ቦየስ ነሽ በይኛ!»

«የአበባ» አልኩት።

«እሺ፤ የአበባ ቦየስ» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታው። መንገድ ላይ አስካለ ሆዷን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ወረቀቱን ግን ከዚያ በኋላ ለማንም አላሳየሁም።

ሥራው ሰመረልኝ። መጀመሪያ ባልዲ አጣቢ፣ ቀጥሎ እቅፍ አበባ አሳሪ፣ በሦስተኛው ዓመት የትልልቅ ሠርግ አዳራሽ በእኔ እጅ የሚዋብ ሆነ። ማዳም ሐስና የሱቁን ጓሮ ክፍል አስጠግና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለነጋዴና ለባለሥልጣን ሚስቶች ትምህርት እንድሰጥ አደረገችኝ። «ፕሮፌሰር» ይሉኝ ጀመር፤ በፈረንሳይኛ አስተማሪ ማለት ነው፣ እኔ ግን ደስ ስላለኝ በአማርኛ ነበር የምሰማው። በመጀመሪያው ቀን አንዷ የት እንደተማርኩ ጠየቀችኝ። «አዲስ አበባ፣ የአበባ ትምህርት ቤት» አልኩ። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት መኖሩን እንኳ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አስካለን እንዴት አድርጌ ሱቁ ላስገባት? የእርሻውንም፣ የቆርቆሮውንም፣ የቦየስነቱንም ታውቃለች። አርብ ስንገናኝ፣ «ገና ነው?» ትለኛለች። «ገና ነው» እላታለሁ። ኋላ ሥራ በዛብኝ ብዬ አርብንም ተውኩት። ማዳም ክሎዲን አገሯ ስትገባ አስካለን እንደ ዕቃ ማዳም ራሕማ ለምትባል ሴት አስተላልፋት እንደሄደች የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

አንድ ቅዳሜ አዲስ ተማሪ መጣች። ራሕማ እባላለሁ አለች። ከኋላዋ አስካለ ነበረች፤ የእመቤቷን ቦርሳ በትከሻዋ፣ ባልዲውን በእጇ። ከስታለች። ገና ሳታየኝ ፈገግታዋ መጣ፣ ወይም ቀድማ አይታኝ ኖሯል።

«ይቺም ያንቺው አገር ልጅ ናት። ትተዋወቃላችሁ?» አለችኝ ማዳም ራሕማ።

አሥሩም ሴቶች ያዩኛል። «ኢትዮጵያ እኮ ሰፊ አገር ናት፣ ማዳም» አልኩ። ሳቁ።

አስካለ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ወደ እኔ ዞር ብላ በአማርኛ፣ «ባልዲውን የት ላስቀምጥልዎት?» አለችኝ።

በአንድ ፍራሽ አብራኝ የተኛችው፣ ራሴን ያሻሸችኝ ልጅ «ላስቀምጥልዎት» አለችኝ። በጣቴ ጥጉን አሳየኋት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ዘንግ አቆራረጥ አስተማርኩ፤ እሷ ጥግ ላይ ቆማ፣ እመቤቷ የምትወረውርላትን ጽጌረዳ እሾህ በአንድ ጊዜ ወደ ታች ሳብ እያደረገች ታራግፍ ነበር። ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች አሳምራ የምትሠራው። ሲወጡ ተከትያት እንድወጣ እግሬን አዘዝኩት። አልወጣሁም፤ አንዷ ተማሪ ስለ ሪባን እየጠየቀችኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማዳም ራሕማ ብቻዋን መጣች። «አርብ እንደወጣች ቀረች» አለችኝ። ካርቲየ 3 ሮጥኩ። የክፍሉ ልጆች ቀዝቀዝ ብለው ተቀበሉኝና፣ ኦቦክ መሄዷን ነገሩኝ። ኦቦክ ማለት ወደ የመን በጀልባ የሚሻገሩበት ዳርቻ ነው። በማግስቱ በመርከብ ኦቦክ ሄድኩ፤ ግራር ሥር ተራቸውን ለሚጠብቁት የአገሬ ልጆች ሁሉ ፎቶዋን አሳየሁ። አንዷ አየት አድርጋ፣ «ትናንት ማታ ተሻግራለች። እህትሽ ናት?» አለችኝ። ፎቶዋን ከእጇ ተቀብዬ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድኩ።

የመንም ሆነ ሳዑዲ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ አስካለ የምትባል የዝዋይ ልጅ ካጋጠመቻችሁ እየፈለግኋት ነው በሏት። ይቅር በይኝ ትላለች አትበሏት፤ እሱን ራሴ ልበላት።

ከወር በኋላ፣ ቅዳሜ ትምህርት ላይ እያለሁ፣ ስልኬ ጮኸ። የእናቴ ቁጥር ነበር፤ ድምፁ ግን የአስካለ እናት፣ የእትዬ ብርቄ።

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ! አስካለ ደውላ ሁሉን ነግራኛለች። ከሰው ቤት አውጥተሽ አበባ ሱቁ አስገባሻት አይደል? ‹ሥራ ስለሚበዛ ብዙም አልደውልም፣ አትስጊ፣ አብረን ነን› አለችኝ። አንቺን የወለደች ማሕፀን ትባረክ!»

ደረጃው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። «መቼ ደወለች?» አልኳት።

«ወር አለፈው መሰለኝ። በይ እስቲ አጠገብሽ ካለች አገናኚኝ፤ ድምጿን ልስማ።»

በመስታወቱ ሴቶቹ መቀሳቸውን ይዘው እኔን ሲጠብቁ አያለሁ።

«ወጣ ብላለች፣ እትዬ» አልኩ። «አበባ ልታደርስ።»

«በይ ስትመለስ ትደውልልኝ።»

«እሺ» አልኳት።