የቡላ ተራ

ልጄ ሰላም ትናንት ውሻዋን በባጃጅ ይዛ መጣች። ሴት ውሻ ፍለጋ ከቤት ወጥቶ ሰንብቶ ጆሮው ተቦጭቆ ነው የተመለሰው። ሐኪሙ «ይኮላሽ» ብሏታል፤ ባሏ ደግሞ «ካደገ በኋላ ከተነካ ምን ቤት ይጠብቃል?» ይላል። ፍርዱን ለእኔ ጥላ ሻይዋን ትጠጣለች። የውሻውን ጆሮ ስዳስስ የማንኪራዋ አክስቴ አስካለ ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

ያኔ ቦንጋ ነበር የምማረው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ በእግሬ ወደ አክስቴ መንደር ወደ ማንኪራ እሄድ ነበር። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ጫካው ሲያንጠባጥብ ይውላል። ስደርስ ትኩስ ቆጮ በጎመን፣ ከጎኑም ማር ይቀርብልኛል። ለዚያ ስል ጭቃውንም ወድጄው ነበር።

አክስቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ቡላ ከሚባል ውሻዋ ጋር ብቻዋን ነበር። በቆሎው ሲያሽት ማሳቸው የተያያዘ ጎረቤቶች ዝንጀሮ የሚጠብቁት በተራ ነው፤ ባለተራው ማማ ላይ ወጥቶ ይውላል። የአክስቴን ተራ የሚሸፍንላት ቡላ ነበር። ማማው ሥር ይተኛና ዝንጀሮ ብቅ ሲል ጫካ ውስጥ ገብቶ እስከ ወንዙ ያባርራል። ጎረቤቱም ተቀብሎት «ዛሬ የቡላ ተራ ነው» ይባባል ነበር። እኔ በክፍሌ አንደኛ ወጥቼ እንኳ እንደዚያ አልተከበርኩም።

በዚያ ክረምት ግን ቡላ በሴት ውሻ ሰበብ መጥፋት አበዛ። በመጨረሻ ሲመለስ አንገቱ ተዘንጥሎ ቁስሉ ትል አፍርቶ ነበር። ከብት ሊከትብ የመጣው የእንስሳት ሐኪም አየውና «እትዬ፣ ይህ ውሻ ካልተኮላሸ አንድ ቀን ሬሳውን ነው የሚያገኙት» አላት።

ወሬውን የሰሙት ጎረቤቷ ጋሽ ወዳጆ ወዲያው ከተፍ አሉ።

«አስካለ፣ ዝንጀሮ የሚያባርረው ወንድነቱ ነው። ከነካሽው ይፈራል። ከዚያ ተራሽን ማን ይሸፍንልሻል?»

እኔም የወንድ ነገር ሆኖብኝ ከእሳቸው ወገን ቆምኩ። አክስቴ ለብ ባለ የጨው ውኃ ቁስሉን ታጥባለች፤ ቡላ ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ ጥሎ ያቃስታል።

«እስካሁን እሱ የእኔን ተራ ሸፍኖልኛል» አለች። «ከፈራ ደግሞ የእሱን ተራ እኔ እሸፍናለሁ፣ ጋሽ ወዳጆ። ብቻ በሕይወት ይኑርልኝ።»

ሐኪሙ ደጃፏ ካለው ዋንዛ ሥር ሥራውን ሲሠራ የውሻውን ራስ ይዛ የነበረችው እሷ ናት። ቡላ እስኪያገግም ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ ወንጭፍ ይዛ ማማ ላይ ወጣች። መንደሩ ሳቀባት፤ እሷ ግን ከነመኖራቸውም የረሳቻቸው ትመስል ነበር።

ቡላ ድኖ ማሳው ላይ በዋለበት የመጀመሪያ ቀን ዝንጀሮዎቹ መጡ። ሁላችንም ቆመን አየነው። ተነሣ፣ ሮጠ፣ የማሳው ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ጮኸ እንጂ ጫካው ውስጥ አልገባም።

«አላልኩሽም?» አሉ ጋሽ ወዳጆ።

አክስቴ ከማማው ላይ ወንጭፏን አሽከርክራ ለቀቀችው። ድንጋዩ በቡላ አናት ላይ አልፎ ቅርንጫፉን ሲመታ ዝንጀሮዎቹ ተበታተኑ።

«እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እወረውራለሁ» አለች።

ከዚያ ወዲያ «ዛሬ የቡላና የአስካለ ተራ ነው» መባል ጀመረ። ቡላም አርጅቶ እስኪሞት ደም እየነጠበው ወደ ቤት የመጣበት ቀን የለም።

በዕድሜዬ ብዙ ሰው ስለሌላው ሲወስን አይቻለሁ። በውሳኔው የሚጎድለውን ራሱ ሊሞላ የተነሣ ግን ጥቂት ነው። አክስቴን እስከ ዛሬ የማደንቃት ለዚህ ነው።

ሰላም ሻይዋን ጨርሳ «ታዲያ ምን ትላለህ፣ አባዬ?» አለችኝ።

«መጠበቁን ቢተው ቤቱን ማን ይጠብቃል?» አልኳት።

ውሻዋን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ባሏ ጋ ደወለች።

«ውሻውን ላስኮላሸው ነው፤ ስትመጣ ለበሩ ደህና ጓጉንቸር ገዝተህ ና» አለችው።