ፈርሃና ኮሌጅ የመረጠች ሰሞን

ይህን ስጽፍ ንዴቴ አልበረደም። እስኪበርድም አልጠበቅሁም፤ ከበረደ አለሳልሼ ነው የምጽፈው።

ዲሪባ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። መርካቶ ሃያ ዓመት ሰፍቻለሁ፣ እዚህ ካምፓላ ደግሞ አሥራ አንድ። ኦዊኖ ገበያ ውስጥ ጀሊላ ሰልባጅ ትሸጣለች፤ እኔ ከጎኗ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ደንበኞቿ የገዙትን ሱሪ አሳጥራለሁ። የምጽፈው ስለ ልጇ ስለ ፈርሃና ነው።

ፈርሃና ከኮምቦልቻ ስትመጣ ስምንት ዓመቷ ነበር። አባቷ ቀደም ብሎ ሞቷል። ሉጋንዳን ከገበያው፣ እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት ለቃቅማ አደገች። ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የመጨረሻው ክፍል ላይ ደርሳ ነበር። ገበያው እንደገና ሲከፈት ከእናቷ ጋር መዋል ጀመረች፤ የካፖርቶቹን ኪስ መፈተሽ የእሷ ሥራ ሆነ። ከአውሮፓ በሚመጣ ካፖርት ኪስ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም። የአውቶቡስ ትኬት፣ የደረቀ ማስቲካ፣ የአፍንጫ መሐረብ፣ አንዳንዴም መነጽር። ሌላው ነጋዴ መነጽሩን ይጥለዋል። እሷ ግን አጥባ፣ የላላ ብሎኑን አጥብቃ፣ የተሸረፈ ጠርዙን ሞርዳ፣ ካርቶን ውስጥ ትደረድረዋለች። በሌላ ካርቶን ላይ ፊደሎችን ከትልቅ ወደ ትንሽ ጽፋ ከመኪናዬ ፊት ለፊት ሰቀለች። ማንበብ የተቸገረ ሰው ሲመጣ አስቁማ አንዱን ታደርግለታለች፣ ታወልቃለች፣ ሌላ ታደርግለታለች፣ በደብተሯ ትጽፋለች። ዓይኑ የቀላ ወይም የሚያመው ከሆነ ግን አትነካውም፤ ሐኪም ቤት ትሰደዋለች።

በዚያ ዓመት እኔ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ዓይኑ ለደከመ ልብስ ሰፊ ማን ሱሪውን ያምነዋል? ፈርሃና ግን ክሩን በምራቄ እያራስኩ ስታገል አይታኛለች። ስድስት መነጽር ሞክራብኝ በሰባተኛው የክሩ ጫፍ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እስከ ዛሬ እንጀራዬን የማገኘው በዚያ መነጽር ነው።

ፈተናዋን አልፋ፣ ኮሌጆች ሊከፈቱ ነው በተባለ ሰሞን፣ «ዓይን መለካትና መነጽር መሥራት ነው የምማረው» አለች። ጀሊላ ዕቃዋን ጥላ መሄድ ስለማትችል ከልጇ ጋር ኮሌጅ እንድፈልግ ለመነችኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ፈርሃና ጥያቄዎቿን በደብተር ጽፋ ነበር። የስደተኛ መታወቂያ ትቀበላላችሁ? ሂጃብ ለብሼ መማር እችላለሁ? ከሰዓት ገበያ መድረስ ስላለብኝ ትምህርቱ ስንት ሰዓት ያበቃል? የመጨረሻው ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፤ ተማሪ ሌንሱን በእጁ የሚነካው በስንተኛው ሳምንት ነው?

የመጀመሪያው ኮሌጅ ንቲንዳ የሚባል ሰፈር ነው። ወለሉ ፊት ያሳያል። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ሴት ጥያቄውን ሰምታ ሳትጨርስ፣ «እሱ ትምህርት በሚቀጥለው ዓመት ይከፈታል፤ እስከዚያ ቢዝነስ ተመዝገቢ» አለች።

«ቢዝነስ መማር አልፈልግም» አለች ፈርሃና።

«የአገርሽ ልጆች ሁሉ እሱን ነው የሚማሩት።»

ደሜ ፈላ። እኛ በጅምላ የምንሸጥ ቡታንቲ ነን እንዴ? ፈርሃና ግን አመስግና ወጣች፤ ውጪ ስንደርስ ስሙን በደብተሯ ላይ ሰረዘችው።

ሁለተኛው ኮሌጅ ትምህርቱ አለው፣ የሌንስ መሞረጃ ማሽንም አለው። መዝጋቢው ማሽኑን በመስኮት አሳየን፤ ክፍሉ ተቆልፏል፣ ማሽኑ በፕላስቲክ ተሸፍኗል። በስንተኛው ሳምንት እንደሚነካ ስትጠይቀው፣ «በመጨረሻው ዓመት፣ ጥሩ ውጤት ያላቸው ብቻ» አላት። «ታዲያ ውጤቱ የሚመጣው በምን ተሠርቶ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። ፈርሃና እጅጌዬን ጎትታ አወጣችኝ።

ሦስተኛው ኮረብታ ላይ ያለ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ቦዳው፣ ያመጣን ባለሞተር፣ ራሱ አልፎት ሄዶ ነው የተመለሰው። አስተማሪዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ሂጃቡንም፣ መታወቂያውንም፣ ሰዓቱንም ችግር የለም አሉ። የመጨረሻውን ጥያቄ ሲሰሙ ግን ብድግ አሉ። ወደ ውስጥ አስገብተዋት አንድ ሌንስ እጇ ላይ አኖሩ፣ ማሽኑን አስነሡና «ሞክሪ» አሏት። ትንፋሿን ውጣ ጠርዙን ሞረደችው። አገላብጠው አዩት።

«ማን አስተማረሽ?»

«ካፖርት» አለች። ነገሩን ስታስረዳቸው ከልባቸው ሳቁ።

ቀኑ ሰኞ ነበር። ፎርም ሰጡን፤ ተፈርሞ እስከ ዓርብ ካልተመለሰ ቦታው ለሌላ ተማሪ ይሰጣል። ታክሲ ውስጥ ፎርሙን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ በሰባተኛው መነጽር።

ጀሊላ ዜናውን ስትሰማ ልጇን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ «አባቷ ስለሌለ ጋሼ ይፈርምላታል» አለች። እንግሊዝኛ አታነብም። ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟን አብዱልወሀብን ነው፤ ኪሰንዪ ሰፈር ውስጥ ጨርቅና ክር በጅምላ ያከፋፍላል። ልጅቷን ለማስተማር አንዲት ሽልንግ አውጥቶ አያውቅም፤ ያሳደጋት የጀሊላ ጉልበት ነው። ፎርሙን ሲያመጡለት ግን ሊፈርም አልፈለገም። «ሂሳብ አያያዝ ትማር። እዚሁ ሰፈር ኮሌጅ አለ፤ ስትጨርስ ሱቄን ትይዝልኛለች» አለ። ፈርሃና እምቢ አለች። ልጅ አጎቷን እምቢ አለች ተብሎ ሐሙስ ከሰዓት ሽማግሌ ተጠራ። ሽማግሌዎቹ ምግብ ቤት ያለው በየነና እኔ ነን።

ጀሊላ ቤት ተቀመጥን፤ ሻይ ቀረበ። በየነ «ልጄ፣ አጎትሽ ክፉ አያስብልሽም» የሚለውን ነገር እያገላበጠ ግማሽ ሰዓት ተናገረ። የት የት ሄደሽ ነበር? ምን አየሽ? ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ሦስቱንም ያየሁት እኔ ሻይ እጠጣለሁ።

አብዱልወሀብ «እስቲ ምን እንደሚል ልየው» ብሎ ፎርሙን አነሣ። ክንዱን ዘርግቶ አራቀው፣ አቀረበው፣ ዓይኑን አጨነቆረ። ፈርሃና ከቦርሳዋ አንድ መነጽር አውጥታ አደረገችለት፤ ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛውን አደረገችለት።

«አጂብ!» አለ። እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብሎ አነበበ፤ ከታች ያለችውን ደቃቃ የስልክ ቁጥር ሳይቀር። «ስንት ዓመቴ ነው እንዲህ ካነበብኩ! በየነ፣ ለካ እንዲህ አርጅተሃል!» ሁላችንም ሳቅን። ነገሩ አለቀ ብዬ ነው እኔ የሳቅሁት።

አብዱልወሀብ ፎርሙን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ጎበዝ ልጅ ናት፣ አልካድንም። እንግዲህ ሂሳብ አያያዝ ትማር» አለ። መነጽሩንም አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ፈርሃና ተነሥታ ፊቱ ቆመች። «ጋሼ፣ መነጽሬን ይመልሱልኝ።»

«ምን አልሽ?»

«መነጽሬን።»

«ኧረ ልጄ፣ ነውር ነው!» አለች ጀሊላ። ፈርሃና የዘረጋችውን እጅ አላጠፈችም። አብዱልወሀብ እንደምንም ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። አንሥታ በሂጃቧ ጫፍ ጠረገችውና ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እጄ ሳላዝዘው ወደ ፊቴ ሄደ።

«የእርስዎ ይቀመጥ፣ ጋሽ ዲሪባ» አለችኝ። «ያለሱ መሥራት አይችሉም።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፎርሙን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁና ዘረጋሁት።

«ጀሊላ፣ እዚህ የተጻፈው ‹ወላጅ ወይም አሳዳጊ› ነው። ወላጇ አንቺ ነሽ። አባት ወይም አጎት አይልም፤ አንቺ ከፈረምሽ ያልቃል።»

«ዲሪባ! ለዚህ ነው የጠራሁህ?» ብሎ አብዱልወሀብ ከመቀመጫው ተነሣ። ጀሊላ አልሰማችውም፤ የምታየው እኔን ነው።

«ይህን መቼ አወቁ?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ» አለች። ምክንያቴን እዚህ ልጻፈው። ክር የምወስደው ከአብዱልወሀብ ሱቅ ነው፤ ፊቱ እንዲጠቁርብኝ አልፈለግሁም። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። ለሪሴፕሽኗና ለመዝጋቢው የፈላው ደሜ ለጎረቤቴ ሲሆን ውሃ ሆነ።

ጀሊላ ከልጇ እስክሪብቶ ተቀብላ «ጀሊላ እንድሪስ» ብላ በአማርኛ ፈረመች። አብዱልወሀብ በሩን አላትሞ ወጣ፤ በየነም ጫማውን እየፈለገ ተከተለው። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ጀሊላ ፎርሙን ለልጇ ሰጠቻት።

«ነገ በጠዋት ሂጂ» አለቻት። «ብቻሽን ሂጂ። ሽማግሌ አይከተልሽ።»

ዓርብ ጠዋት ፈርሃና ፎርሙን በፕላስቲክ ይዛ በመኪናዬ ፊት አለፈች። ልሸኝሽ ልላት ከወንበሬ ብድግ አልኩ፤ ጀሊላ ካፖርት እያራገፈች አየችኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ሱሪ ሊያሳጥር ቆሟል። ክሩን አነሣሁ። በመጀመሪያው ሙከራ ገባ።