የአባቴ የጫማ ማሰሪያ

ይህ የገጠመኝ በደርግ ጊዜ፣ ደሴ በጤና ረዳትነት ተቀጥሬ በምሠራበት ወቅት ነው። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው የዚያን ቀን ያህል በሰው ቀንቼ ስለማላውቅ ነው።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ የሚኖሩት እዚያው ደሴ ሆጤ ሰፈር፣ እኔ ቤት ነበር። ጫማቸውን የማጠልቅላቸውና የማስርላቸው፣ ከሶላት በፊት ለውዱእ ሲታጠቡ በኩስኩስት ውሃ የማፈስላቸው እኔ ነኝ። ሥራ እየረፈደብኝ እንኳ "ጉልበቴ እምቢ አለኝ ልጄ" ብለው እግራቸውን ከዘረጉ ተንበርክኬ አስራለሁ። እየተነጫነጭኩም ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

የደሴ ብርድ ሲጠና ወንድሜ ሰይድ "ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ ሜዳም ነው፣ ለጉልበታቸው ይሻላል" ብሎ ወሰዳቸው። ሁለት ወር አለፈ። ከዚያ የሚመጣ ሰው ሁሉ "አባትሽ እኮ ወጣት ሆነዋል" ይለኛል። አልሀምዱሊላህ እላለሁ፤ ውስጤ ግን ይቃጠላል። የሰይድ ሚስት ዘሃራ ምን ብታበላቸው ነው እያልኩ እብሰለሰላለሁ።

በዚያው ሰሞን በዕድሜ የገፉ ወንዶችን አቅም የምንመዘግብበት ቅጽ መጣልን። ጥያቄዎቹ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎሙ ናቸው። ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሰው ሲፈለግ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። የመጀመሪያው ተጠያቂ ማን እንደሆኑ መናገር አያስፈልግም።

"አባባ፣ ደረጃ ይወጣሉ?"

"የምን ደረጃ? የጦሳን ዳገት ነው?"

"ምግብ ያበስላሉ?"

"ወላሂ ይቺ ልጅ አብዳለች!"

ዘሃራ ከጓዳ ሆና ሳቀች። ቅጹ ምክንያት አይጠይቅምና "አይችሉም" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

"ጫማዎን ያለ ሰው እርዳታ ያስራሉ?"

"እንዴታ!"

"ለብቻዎ ይታጠባሉ?"

"ታዲያ ማን ያጥበኛል?"

እስክሪብቶው ከበደኝ። እኔ ዘንድ ያቃታቸውን ሁሉ እዚህ ቻሉት። የዘሃራ ቤት አዳናቸው፣ የእኔ ቤት ነበር ያሳመማቸው ማለት ነው? ቅናት ያዘኝ። "እስቲ ሲያስሩ ያሳዩኝ" አልኳቸው። ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል የለም።

አባቴ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ጎንበስ አሉ። የግራ ጫማቸውን ማሰሪያ ሦስት ጊዜ ሳቱት። ግንባራቸውን አላባቸው። እንደ ምንም አስረው ቀና ሲሉ "አየሽ?" ብለው ፈገግ አሉ።

"ታዲያ እኔ ቤት ለምን እምቢ አለዎት?"

ወደ ጓዳው አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንቺማ ልጄ ነሽ። ዘሃራ ግን የሰው ልጅ ናት፤ በእሷ ፊት እንዴት ብዬ እግሬን ልዘርጋ? አፍራለሁ።"

ዘሃራ ሰምታ ኖሮ እንባዋን እየጠረገች ወጣች።

"እትዬ፣ ሁለት ወር ሙሉ ኩስኩስቱን ከእጄ እየነጠቁ ነው የሚታጠቡት። ምን በድያቸው ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ከረምኩ። አንቺን አንስተው ግን አይጠግቡም። ምን ልደብቅሽ፣ ቀናሁብሽ።"

ይህን ብላ ተንበረከከችና የቀኝ ጫማቸውን አነሳች። አባቴ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው አዩኝ። በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ። ቀስ ብለው እግራቸውን ዘረጉላት፤ "እሺ ልጄ" አሏት።

ልጄ! ያቺ ቃል የእኔ ብቻ ነበረች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልዋሽም፣ ከቅድሙ የባሰ ቀናሁ።

ቅጹን "ያለ እርዳታ ይችላሉ" ብዬ አስረከብኩ። ሐሰት አልጻፍኩም፤ ያየሁትን የምጽፍበት ቦታ ግን አልነበረውም።

አባቴ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ዘሃራ በተገናኘን ቁጥር ያን ቀን አንስታ ትስቃለች፤ እኔም አብሬያት እስቃለሁ። ማሰሪያውን ከእኔ አሳምራ ማሰሯን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።