ጠበቃዬ ያልመጣ ዕለት

ባሌ በሞተ በዓመቱ ዋርሳዬን፣ የባሌን ታላቅ ወንድም፣ ከሰስኩ። ልጅ አልነበረንም። ባሌ ታሞ በተኛበት ጊዜ መሬታችንን እሳቸው በእኩል፣ ምርቱን ለሁለት እየተካፈልን፣ ያርሱልን ነበር። ከተዝካሩ በኋላ ግን ልጆቻቸው «አጎታችን ለእርስዎ የተወልዎ ነው፤ እሷ ወደ ዘመዶቿ ትሂድ» አሏቸው። እሳቸውም ያንን ቃል ይዘው ቀሩ። ዘመዶቼ የተባሉት ራቤል የሚባል ሩቅ አገር ያሉ የወንድሜ ልጆች ናቸው፤ መንገድ ላይ ብንገናኝ እንኳ አይለዩኝም።

ጠበቃውን ያገኘሁት ደብረ ብርሃን ነው። ንግግሩ የረጋ ወጣት ነበር። «እትዬ፣ እርስዎ ምንም አይናገሩ፤ እኔ አለሁ» አለኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ «እኔ አለሁ» ያለኝ ሰው ስላልነበረ ቃሉን እንደ ዘመድ ቃል ነበር የያዝኩት።

የቀጠሮው ዕለት ሜዳው ሁሉ ውርጭ ለብሷል። ከመንደራችን በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጥቼ መሐል ሜዳ ከተማ ፍርድ ቤቱ ስደርስ ችሎቱ ገና አልተከፈተም። ፀሐይ የነካውን ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ እነዋርሳዬ መጡ፤ ልጆቻቸው፣ ጠበቃቸው፣ ከኋላ ደግሞ ግማሹ መንደር። ሠርጌ ላይ የጨፈሩ፣ ባሌን የቀበሩልኝ ሰዎች ናቸው። አንዷ የማርያም ማኅበርተኛዬ ነበረች። አየችኝና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። አልተቀየምኳትም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ተቀይሜያታለሁ።

ጠበቃዬ ጋ ደወልኩ። ጠራ፣ አልተነሳም። ደግሜ ስሞክር ተዘግቷል። ጣርማበር ላይ ጉም ይዞት ይሆናል፣ ወይ የመኪናው ጎማ ተንፍሶ ይሆናል አልኩ። ከደብረ ብርሃን በኩል መኪና በመጣ ቁጥር እስከ አጥሩ እየሄድኩ የሚወርደውን ሰው አያለሁ።

ስማችን ተጠርቶ ገባን። በእነሱ በኩል ያለው አግዳሚ ሞልቶ የቆመም ሰው አለ። እኔ ጋቢዬን አውልቄ አጠገቤ አስቀመጥኩት፤ ቦታው ባዶ እንዳይመስልብኝ ነው። ዳኛዋ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የምታንስ ሴት ነበረች።

«ጠበቃዎ የት ናቸው?» አለችኝ።

«እየመጣ ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

«አግኝተዋቸዋል?»

«ስልኩ ተዘግቷል።»

ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ። የእነሱ ጠበቃ ተነስቶ የከሳሽ ጠበቃ ስላልቀረበ መዝገቡ ይዘጋልን አለ።

«ከሳሿ ራሳቸው ቆመዋል፤ አይዘጋም» አለች ዳኛዋ። ወደ እኔ ዞር ብላ «ሌላ ቀጠሮ ልስጥዎ ወይስ ራስዎ ይናገራሉ?» ስትለኝ ያንን አግዳሚ ሌላ ቀን እንደገና ማየት አቃተኝ።

«እናገራለሁ» አልኩ።

ጠበቃው ከነገረኝ አንቀጽ አንዱንም አላስታውስም። ስለዚህ የማውቀውን ይዤ ወደ ዋርሳዬ ዞርኩ። ያን ሁሉ ወር ቀና ብለው አላዩኝም ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ» አልኩ። ዳኛዋ አልከለከለችኝም። «አምና ገብሱ ተወቅቶ ሲያልቅ እኩሌታውን በራስዎ አህያ ጭነው ደጄ ድረስ አምጥተውልኛል። ወንድምዎ ከሞተ በኋላ ነው። መሬቱ የእርስዎ ከሆነ ያ ገብስ ምን ነበር?»

ጠበቃቸው እንዳይመልሱ ክንዳቸውን ያዘ። ትልቁ ልጃቸው «ምጽዋት ነው ይበሏት!» አለ። ዳኛዋ ዝም አሰኘችው። ዋርሳዬ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆዩ። ጾም የማይሽሩ፣ ቅዳሴ የማይቀሩ ሰው ናቸው።

«ድርሻዋ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «በእኩል ነበር የማርሰው። ገብሱ የእሷ ድርሻ ነው።»

ዳኛዋ የተናገሩትን ጽፋ አነበበችላቸው። «እንዲህ ብለዋል?» ስትላቸው «ብያለሁ» አሉ። በቀጣዩ ቀጠሮ መሬቱ ለእኔ ተፈረደ።

ያን ዕለት ከችሎት ስንወጣ ልጆቻቸው አባታቸውን ጥለው ቀድመው ሄዱ። እሳቸው በሩ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ሁለታችንም ወደ አንድ መንደር የምንመለስ ሰዎች ነን። አብረን እንሂድ ልላቸው ስጠጋ ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩኝ።

«በሰው ፊት ልትጠይቂኝ አይገባም ነበር። ቤቴ መጥተሽ ብትጠይቂኝ ያንኑ እነግርሽ ነበር።»

ከመክሰሴ በፊት ቤታቸው ሄጄ ነበር። ልጆቻቸው ከበር መለሱኝ። መምጣቴን ሰምተው ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም፤ ያን ሰዓትም መጠየቁ አስፈራኝ። እሳቸው በእግር መንገዱን ያዙ፣ እኔ ሚኒባስ ጠበቅኩ።

ጠበቃው ከቀናት በኋላ ደወለ። በዚያው ዕለት ደብረ ብርሃን ሌላ ችሎት ነበረበት፤ ቀጠሮዎቹ ተምታተውበታል። «ይቅርታ እትዬ፣ ቀጣዩን አልቀርም» አለኝ።

«ተወው ልጄ። ውክልናዬን አነሳለሁ» አልኩት።

ብዙ ልናገረው አስቤ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ደህና ነሽ ወይ ያለኝ ሰው አልነበረምና ስልኩን ቶሎ መዝጋት አቃተኝ። ስለ ብርዱ ጠየቀኝ፤ ስለ ብርዱ አወራሁለት።

አሁን መሬቴን ከሌላ ቀበሌ የመጣ ሰው ያርስልኛል። ማኅበርተኛዬ ቀስ በቀስ ሰላምታ ጀምራለች። ዋርሳዬ ግን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከሩቅ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ያልፉ ነበር፤ ከዚያ በላይ የለም። በዚህ ክረምት በጠና መታመማቸውን ሰምቼ አጥሚት ሠርቼ ሄድኩ። ሚስታቸው አስገባችኝ። እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እስኪነቁ ጠበቅኩ፤ አልነቁም። ሚስታቸው አጥሚቱን ገልብጣ ዕቃዬን አጥባ ሰጠችኝ፤ እኔም ተነስቼ በጭቃው ወደ ቤቴ ሄድኩ።