በየበሩ ያደረ ቃል

ጉም ቦዩን ሞልቶት፣ ከድልድዩ መሃሉ ብቻ የሚታይበት ማለዳ ነበር። ካፊያ ይወርዳል። ጠና ያሉ አንዲት ሴት ገና ባልተከፈተው የሰዓት አዳሽ ሱቅ ፊት ለፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የሚጸልዩ መስሎኝ እግሬን ገታሁ። ወዲያው የሱቁ በር ገርበብ አለና ጃንጥላ የያዘ እጅ ወጥቶ ከሴትዮዋ ራስ በላይ ዘረጋላቸው። እጅጌው እስከ ትከሻው እስኪርስ ድረስ አልተነቃነቀም። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ሊገልጡ ሲሉ እጁ ተሰበሰበ፣ በሩም ተዘጋ። እሳቸው ምንም አላዩም። ቀጥ ብለው ወደ መድኃኒት ቤቱ አለፉ።

ያን ቀን ከድልድዩ ማዶ ወዳለው ጸሎት ቤታችን ስሄድ ስለዚያ እጅ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ሴትዮዋን ያወቅኳቸው ከሳምንት በኋላ ነው።

እትዬ ቹ ሩይፋንግ ይባላሉ፤ አምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በአሥራ አራት ዓመታቸው ከትምህርት ወጥተው ሐር ፋብሪካ ገቡ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በፈላ ውኃ ውስጥ ከሚንሳፈፈው የሐር ትል ጎጆ የክሩን ጫፍ ሲፈልጉ ኖሩ። ያ ጫፍ ከሽፋሽፍት ይቀጥናል። ዛሬም ዝም ብለው ሲቀመጡ ጣቶቻቸው አየሩን ቀስ ብለው ይዳስሳሉ። ሁሉን ሲችሉ አንድ ነገር ብቻ አልለመዱም፤ ቅጽ በሞሉ ቁጥር የትምህርት ደረጃ በሚለው ቦታ ላይ «ስምንተኛ ክፍል» ብሎ መጻፍ።

ስለዚህ ራሳቸውን እያስተማሩ፣ ቤታቸው ሆነው ለሚማሩ ሰዎች የሚሰጠውን የዲፕሎማ ፈተና ጀመሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወሰደባቸው። ከአሥራ አራቱ ትምህርት አሥራ ሦስቱን አልፈው የቀረው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። አራት ጊዜ ወድቀዋል፤ ባለፈው የጎደላቸው አራት ነጥብ ነበር። የሚማሩበት ዘርፍ ከዚህ ጥቅምት በኋላ ስለሚዘጋ አምስተኛው ፈተና የመጨረሻው ነው። ካላለፉት አሥራ ዘጠኙ ዓመት ያለ ወረቀት ይቀራል።

የሚጥላቸው ደግሞ ሕፃን የሚያውቀው ቃል ነው። እንግሊዞች «ቴክ» ይሉታል፤ መውሰድ ማለት ነው። ግን እዚያ ላይ አያቆምም። በእኛ በቻይንኛ መድኃኒት ይበላል፣ አውቶቡስ ላይ ይቀመጡበታል፣ ፎቶ ይመታል፣ ገላ ይታጠባል፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ቃል አለው። እነርሱ ሁሉንም በዚያው በአንዱ ቃል ይሉታል። እትዬ ቹም መልመጃ ሲሠሩ መድኃኒቱን በልተው፣ ፎቶውን መትተው ይወጡ ነበር።

ደብተር ላይ አልያዝ ሲላቸው ቃሉን ለሰፈሩ አከፋፈሉት። አውቶቡሱን የሹፌሩ የዉ ደጃፍ ላይ አስቀመጡ፤ ፎቶውን ፎቶ አንሺው ሜንግ ጋ፣ ገላውን መታጠቢያ ቤቱ፣ ጊዜ መፍጀቱን ሰዓት አዳሹ ጋ፣ መድኃኒቱን መድኃኒት ሻጩ ጋሽ ቶንግ ሱቅ። ከዚያ በኋላ በየማለዳው በእያንዳንዱ በር ፊት ቆመው ቃሉ ያለበትን የበሩን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በለሆሳስ ይሉታል። በጉም ውስጥ ቤቶቹ እንደ ሕልም ብቅ ሲሉ፣ ቃሉም ከየበሩ ብቅ እያለ የሚቀበላቸው ይመስላቸው ነበር።

ሰፈሩ ሲያውቅ ቀልድ ሆነ። የመታጠቢያ ቤቷ ባለቤት እንግሊዞች ሰነፎች መሆናቸውን ነገረቻቸው፤ አንድ ቃል ይዘው ከመድኃኒት እስከ ገላ ድረስ ሁሉን የሚጨርሱ ሰዎች ሥራ ላይማ እንዴት ይሆኑ ይሆን አለች። ሜንግ ደግሞ ባያቸው ቁጥር፣ «እትዬ ቹ፣ እኔ ደጅ ያስቀመጡት እንግዳ መቼ ነው ኪራይ የሚከፍለው?» ይላቸዋል። እሳቸውም መልስ አያጡም፤ «አንተ ያነሳኸኝ ፎቶ ላይ ዓይኔ የተገለጠ ቀን» ይሉታል።

በሰኔ ሰፈሩ እንደሚፈርስ ተነገረ። ሰዎች ከከተማው ዳር ወዳሉት አዳዲስ ፎቆች አንድ በአንድ ሄዱ። መጀመሪያ ዉ፣ ቀጥሎ የመታጠቢያ ቤቷ ባለቤት፣ በነሐሴ ሜንግና ጋሽ ቶንግ። ሰዓት አዳሹ መስከረም ላይ ሰዓቶቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሲጭን አይቻለሁ፤ ከጥቅሉ ውስጥ ድምፃቸው ይሰማ ነበር። እትዬ ቹ ብቻ፣ ቤታቸው ከሚፈርሱት ቤቶች ባሻገር፣ በቦዩ ሌላኛው ዳር በመሆኑ አልተነሱም። ባዶ በሮቹን ግን መዞራቸውን አልተዉም።

ባለፈው ሐሙስ ድልድዩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሙከራ ፈተና ሠርተው መምጣታቸው ነበር። ወረቀቱን አሳዩኝ፤ መድኃኒቱ እንደገና ተበልቷል። ባዶ በር ፊት ሲቆሙ ዓረፍተ ነገሩ እንደማይመጣላቸው ነገሩኝ። ድሮ መጀመሪያ የጋሽ ቶንግ ሳል፣ የመሳቢያው ድምፅ፣ የደረቀ ሥር ሽታ ይመጣ ነበር፤ ቃሉ የሚመጣው እነዚያን ተከትሎ ነው።

«ጋሽ ቶንግ ሲሄዱ ይዘውት ሄዱ መሰለኝ» አሉኝ፤ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ።

እኔም የተማርኩት ከተጣሉ መጻሕፍት ስለሆነ፣ አንድ ገጽ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ስለ ሰዓት አዳሹ እጅ ነገርኳቸው፤ በካፊያው ውስጥ በራሳቸው ላይ የተዘረጋውን። አላወቁም ነበር። ዓይናቸውን ውኃው ላይ ጣሉ። ጣቶቻቸው በጉልበታቸው ላይ አንድ ቀጭን ነገር እንደሚስቡ ሁሉ ይንቀሳቀሱ ነበር።

«ከበሩ ኋላ ሰው ነበረ ማለት ነው» አሉ።

«ነበረ እትዬ።»

ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ። ከዚያ፣ ከዚህ በፊት ማንንም ለምነው እንደማያውቁ በሚያሳብቅ ድምፅ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወንድሜ፣ ፈተናው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራል። አንተ በዚያ ሰዓት ሥራ ከሌለህ፣ ከዉ በር ጀምረህ እስከ መድኃኒት ቤቱ ቀስ ብለህ ሂድልኝ። በየበሩ ቁም። ምንም አትበል፤ እንግሊዝኛውን እኔ እላለሁ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ዓይኔን ስጨፍን መንገዱ ላይ ሰው እንዳለ ልወቅ ብቻ። ትሄድልኛለህ?»